ግራጫው ለምን አረንጓዴ ሆነ?

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር የሚኖር አንድ ተማሪያችን የሟች አያቱን የቆየ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ለተዝካር አሳትሞ ነበር። ኅትመቱ ማታ በፍሎረሰንት አምፖል ሥር ሲታይ እንከን አልነበረውም። በማግሥቱ ከድንኳኑ ደጃፍ በፀሐይ ብርሃን ሲታይ ግን የአዛውንቱ ፊት ወደ አረንጓዴ አደላ። እናቱም «ይህ አባቴን አይመስልም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ተማሪውም ምስሉን ይዞ ምክንያቱን ሊጠይቀን መጣ።

ተራው ኢንክጄት ፕሪንተር ግራጫ ቀለም የለውም። ግራጫን የሚሠራው ጥቃቅን ጠብታዎችን በነጭ ወረቀት ላይ አራርቆ ወይም አቀራርቦ በመርጨት ነው፤ ነጠብጣቡን ከነጩ ጋር የሚያዋሕደው የእኛው ዓይን ነው። ፕሪንተሩ በጥቁሩ ብቻ ሳይወሰን ሳያን፣ ማጄንታና ቢጫ ቀለሞችንም ይቀላቅላል። የሦስቱ ድብልቅ በአንድ ብርሃን ሥር ግራጫ ቢመስልም፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመቶች ስብጥር ሲለወጥ ሚዛኑ ይፋለሳል። ይህ ክስተት ሜታሜሪዝም ይባላል።

መፍትሔው ከካርቦን የተሠራ ጥቁር ቀለም ነው። ካርቦን የሚታየውን ብርሃን በሁሉም የሞገድ ርዝመት በተቀራራቢ መጠን ስለሚውጥ በፀሐይም በአምፖልም ጥቁር ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ከጥላሸት ያዘጋጁት ቀለም ለዘመናት ጠቁሮ የኖረው በዚሁ በካርቦን ነው። ኤፕሰን በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አር 2400 ፕሪንተርም ጥቁር፣ ፈዘዝ ያለ ጥቁርና ይበልጥ የፈዘዘ ጥቁር በአንድነት በመጠቀም የሌሎቹን ቀለሞች ድርሻ ቀንሷል።

እንዲህ ያለ ፕሪንተር ለሌለን ሌላ መንገድ አለ። የፕሪንተራችን ጥቁር ፒግመንት ከሆነ፣ የማያንጸባርቅ ወረቀት መርጠን በጥቁር ቀለም ብቻ እንዲያትም ማዘዝ ነው። ይህም ዋጋ አለው። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ጥቁሩ ከሚያርፍበት ብርሃን 2 በመቶ ያህሉን ስለሚመልስ ጥላው ከአንጸባራቂው ወረቀት ይልቅ ይፈዛል፤ ነጠብጣቡም በቅርብ ይታያል። ነገር ግን ጤናማ ዓይን በ30 ሳንቲሜትር ርቀት 0.1 ሚሊሜትር ገደማ የተራራቁ ነጥቦችን ቢለይም፣ በ2 ሜትር ርቀት የሚለየው 0.6 ሚሊሜትር ገደማ የተራራቁትን ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ምስል ነጠብጣቡ አይታይም።

ተማሪው በዚሁ መንገድ ደግሞ አተመ። ኅትመቱን ሌሊቱን አድርቆ፣ ጠዋት ከደጅ፣ ማታ በአምፖል ሥር አየው፤ ግራጫው አልተለወጠም። እናቱ ምስሉን መጀመሪያ በቅርብ አይተው ዝም አሉ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ በኋላ ግን ከመቀመጫቸው ሆነው ተመለከቱትና «አሁን አባዬን መሰለ» አሉ።