ሁለት ውኃ፣ አንድ ቦርድ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ አበው። ሰሞኑን የገጠመኝ ጥያቄ ግን ይህን ምሳሌ የሚፈታተን ነው። እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ አንድ ፓድልቦርድ ገዝቶ በሁለት ዓይነት ውኃ ላይ ሊጠቀምበት ይፈልጋል፤ በረጋ ውኃና በትንሽ ማዕበል። ገንዘቡን ያጠራቀመው በሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ስለሆነ ሁለት የመግዛት አቅም የለውም። የሦስት ቦርዶችን መግለጫ ላከልኝና «አንተ ጋዜጠኝነት አይደል የምትማረው? እስቲ ይህን በሰው ቋንቋ አስረዳኝ» አለኝ። መግለጫው ቁጥር በቁጥር ነው፦ ጫማ፣ ኢንች፣ ሊትር። ሦስቱም ሻጮች ደግሞ ከቁጥሮቹ በላይ «ለሁሉም ውኃ የሚሆን» ብለው ጽፈውበታል። እውነት ለሁሉም የሚሆን ነገር አለ? አንብቤና ጠያይቄ የደረስኩበትን እነሆ።

ለመሆኑ ፓድልቦርድ ምንድን ነው?

ፓድልቦርድ ሰው ቆሞበት በአንድ ረዥም መቅዘፊያ እየቀዘፈ የሚሄድበት ሰሌዳ ነው። (ከዚህ በኋላ ቦርድ ስል የሥራ አመራር ቦርድ እንዳይመስላችሁ!) የዛሬ መልኩን ያገኘው በሃዋይ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በዋይኪኪ የባሕር ዳርቻ ሰርፍ የሚያስተምሩ ሰዎች ተማሪዎቻቸውንና ከሩቅ የሚመጣውን ማዕበል ከፍ ብለው ለማየት በሰርፍ ሰሌዳ ላይ ቆመው ይቀዝፉ ነበር። በኋላ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሌርድ ሃሚልተንና ዴቭ ካላማ የተባሉ የሃዋይ ሰርፈሮች እንደገና ሲያነሡት ሌላው ዓለም ተከተላቸው።

በእስራኤል ግን ቆሞ መቅዘፍ ከዚያ የመጣ እንግዳ ነገር ብቻ አይደለም። የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ሠራተኞች «ሃሳኬ» በሚባል ሰፊ ሰሌዳ ላይ ቆመው፣ በሁለቱም ጫፉ በሚቀዝፍ ረዥም መቅዘፊያ ሰው ሲያወጡ ኖረዋል። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ልማዱን ያየው ገና ልጅ ሆኖ ነው።

ሁለቱ ውኃዎች የሚፈልጉት

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የረጋ ውኃ የሚፈልገው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቦርድ ነው። ረዥም፣ ጠበብ ያለ፣ አፍንጫው እንደ መርከብ ሹል ሆኖ ውኃውን የሚሰነጥቅ። አንዴ ሲቀዝፉት ሸርተት ብሎ ሩቅ ይሄዳል። ማዕበል ደግሞ የሚፈልገው ቶሎ የሚዞር ቦርድ ነው። አጠር ያለ፣ አፍንጫው ክብና ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ማዕበሉ ከኋላ ሲገፋው ፊቱ ውኃ ውስጥ የማይቀበር።

ረዥሙን ቦርድ ማዕበል ላይ ቢወስዱት መዞር ያቅተዋል፤ ሹል አፍንጫውም ማዕበሉ ሥር ሊሰካ ይችላል። አጭሩን የረጋ ውኃ ላይ ቢወስዱት ደግሞ በቀኝ ሲቀዝፉ ወደ ግራ፣ በግራ ሲቀዝፉ ወደ ቀኝ እያለ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። እንግዲህ «ለሁሉም የሚሆን» የሚባለው ቦርድ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት የተወሰደበት ስምምነት ነው ማለት ነው። ስምምነት ክፉ ነገር አይደለም፤ ግን ከየትኛው ወገን ምን ያህል እንደተሰጠ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚነግሩን ቁጥሮቹ ናቸው።

ቁጥሮቹን እንዴት እናንብባቸው?

መጀመሪያ የሚታየው ሊትር ነው። ቦርድ ውስጥ ውኃ አይቀዳበትም፤ ሊትር የተባለው የቦርዱ ጠቅላላ ይዘት ነው። ስምንተኛ ክፍል የተማርነው አርኪሜደስ እዚህ ይጠቅማል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 120 ሊትር ይዘት ያለው ቦርድ ሙሉ በሙሉ ከመስጠሙ በፊት የሚሸከመው 120 ኪሎ ያህል ነው፤ የራሱ የቦርዱ ክብደት ጭምር ተቆጥሮ። የጣና ታንኳም የሚንሳፈፈው በዚሁ ሕግ ነው። ደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ቦታ ስለሚይዝ ይንሳፈፋል፤ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ደግሞ ይከብድና ይጣላል።

ነገር ግን መንሳፈፍና ቆሞ መረጋጋት ይለያያሉ። ቦርዱ ግማሽ በግማሽ ከሰጠመ በላዩ ላይ መቆም ጭንቅ ነው። ለዚህ ነው ለጀማሪ የሚመከረው ይዘት የራሱን ኪሎ እጥፍ አካባቢ የሆነው። የአክስቴ ልጅ 74 ኪሎ ነው፤ ሲባዛ በ2፣ 148 ሊትር። ከዚያ ትንሽ ከፍ ቢል አይጎዳውም፤ በጣም ዝቅ ካለ ግን ከመቅዘፍ ይልቅ በመውደቅ ቀኑን ይጨርሳል። ጎበዝ ሰርፈሮች ከኪሎአቸው ብዙም በማይበልጥ ሊትር ይሄዳሉ። እነሱን አይቶ መግዛት ግን የሩጫ ሻምፒዮን ጫማ አድርጎ ሻምፒዮን ለመሆን እንደመሞከር ነው።

ቀጥሎ ስፋት ነው። መረጋጋት በዋነኝነት የሚመጣው ከዚህ ነው። 32 ኢንች፣ ማለትም 81 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ለመካከለኛ ሰው የተለመደ ልክ ነው። ወደ 34 ሲወጣ እንደ ጠረጴዛ ይረጋጋል፤ ግን ይዘገያል። ከ30 በታች ሲወርድ ይፈጥናል፤ ግን እግር ያንቀጠቅጣል። በትንሽ ማዕበል ላይ ውኃው ከጎንም ስለሚመታ የስፋት ጥቅሙ ይጨምራል።

ሦስተኛው ርዝመት ነው። ከ10 ጫማ በታች የሆኑት ወደ ማዕበሉ ያደላሉ። 12 ጫማ ተኩልና ከዚያ በላይ የሆኑት፣ ማለትም 3 ሜትር ከ81 ሳንቲና በላይ፣ ለረጋ ውኃና ለረዥም ጉዞ ናቸው። በመሐል ያሉት ከ10 እስከ 11 ጫማ ተኩል የሚደርሱት የሁለቱ ውኃ ቦርዶች ናቸው።

አራተኛው ቁጥር ሳይሆን ቅርጽ ነው። ቦርዱን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ከጎን ብታዩት እንደ ሙዝ ጎበጥ ያለ ነው ወይስ ቀጥ ያለ? ጎባጣው ለማዕበል፣ ቀጥ ያለው ለረጋ ውኃ ነው። ለሁለቱም የሚፈልግ ሰው አፍንጫው ብቻ ትንሽ ቀና ያለ፣ ወገቡ ግን ቀጥ ያለ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ርካሹ መፍትሔ ከሥር ነው

ብዙ ገዢ የማያየው ነገር ከቦርዱ ሥር ያሉትን ክንፎች ነው። ልክ እንደ ዓሣ ክንፍ ቦርዱን አቅጣጫ የሚያስይዙት እነሱ ናቸው። አንድ ትልቅ ክንፍ መሐል ላይ ሲገጠም ቦርዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መሐሉ ላይ አነስ ያለ፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ሲጨመሩ ማዕበል ላይ ሲያዘነብሉት ውኃውን ይነክሳል፤ አይንሸራተትም።

ስለዚህ ሦስቱንም ክንፎች አውልቆ መግጠም የሚቻልበት ቦርድ በአንድ ዋጋ ሁለት ጠባይ አለው። ጠዋት በረጋ ውኃ ትልቁን ክንፍ ብቻ፣ ከሰዓት ማዕበል ሲመጣ ሦስቱን። መቅዘፊያውም እንዲሁ ነው። ለረጋ ውኃ ከቁመት ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሲሆን ለማዕበል አጠር ይደረጋል። ርዝመቱ የሚስተካከል መቅዘፊያ ከተገዛ ይኸም አለቀ። ባጭሩ፣ ቦርዱን መቀየር የማይችል ሰው ክንፉንና መቅዘፊያውን ይቀያይራል።

የሚነፋ ወይስ ደረቅ?

የሚነፋው ቦርድ ተጣጥፎ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። መኪና ለሌለው፣ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ውስጡ ላይኛውንና ታችኛውን ሽፋን የሚያያይዙ ብዙ ሺህ ክሮች ስላሉት እንደ ፊኛ አይነፋፋም፤ በደንብ ሲሞላ ጠንካራ ይሆናል። ግን በሚገባ ካልተነፋ መሐሉ ይሰረጉዳል። አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱም 6 ኢንች ስለሚደርስ ጠርዙ ማዕበል ላይ እንደ ደረቁ አይነክስም። በውፍረቱ ምክንያት ሊትሩም ከፍተኛ ሆኖ ይጻፋል፤ የሚነፋውን 300 ሊትር ከደረቁ 170 ሊትር ጋር በቀጥታ ማወዳደር ያሳስታል።

ደረቁ ቦርድ ውስጡ ፎም፣ ላዩ ፋይበርግላስ ነው። ለማዕበል ይሻላል፤ ማስቀመጫና ማጓጓዣ ግን ይፈልጋል፤ ድንጋይ ሲመታውም ይሰነጠቃል።

ቦርዱን ከመምረጥ በፊት ቀኑን መቁጠር

ይህን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላ የአክስቴን ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። «ባለፈው በጋ ተከራይተህ የወጣኸው ስንት ቀን ነው? በየትኛው ውኃ?» (የእነሱ በጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው።) ቆጥሮ መለሰልኝ። 14 ቀን ወጥቷል። 9ኙ በማለዳ፣ ባሕሩ እንደ ዘይት በረጋበት ሰዓት፤ 3ቱ ኪነሬት፣ ማለትም በገሊላ ባሕር። ከጉልበት እስከ ወገብ በሚደርስ ማዕበል ላይ የወጣው 2 ቀን ብቻ ነው። ሲያወራ ግን 14ቱም ቀን ማዕበል የጋለበ ነው የሚመስለው!

ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ነው። ሰው የሚገዛው ለሚመኘው ቀን ነው፤ የሚጠቀምበት ግን በሚኖረው ቀን ነው። ከሦስቱ ቦርዶች 8 ጫማ ተኩሉ፣ 120 ሊትሩ ለሁለቱ ቀናት እንጂ ለ12ቱ አይሆንም፤ በዚያ ላይ ለኪሎው ያንሳል። 12 ጫማ ተኩሉ፣ የሚነፋው ለኪነሬት ግሩም ነው፤ ሁለቱን ቀናት ግን ያስረሳዋል። የቀረው 10 ጫማ ተኩል በ32 ኢንች፣ 175 ሊትር፣ ሦስት ክንፍ ያለው ደረቅ ቦርድ ነው። በረጋ ውኃ እንደ ረዥሙ አይፈጥንም፤ በማዕበልም እንደ አጭሩ አይዞርም። 14ቱንም ቀን ግን ያወጣዋል። የማዕበሉ ቀናት 10 ቢሆኑ ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ከቦርዱ በላይ ነፋሱ

በመጨረሻ ከምርጫ ሁሉ የሚበልጠውን ላንሳ። ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው አካሉ ራሱ እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ በተለይ አታላይ ነው። ዳር ላይ ውኃው የረጋ ይመስላል፤ ሲወጡ ቀላል ነው፤ መመለሻው ግን ይጠፋል። ኪነሬት ላይ ደግሞ በበጋ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ጠንካራ ነፋስ ይነሣል። ወንጌል ላይ ያነበብነው ድንገተኛ ማዕበል ለቦታው እንግዳ አይደለም። ጠዋት የረጋ ውኃ ከሰዓት የረጋ አይሆንም።

ስለዚህ ቦርዱን ከእግር ጋር የሚያያይዘው ገመድ የግድ ነው። የወደቀ ሰው ቦርዱ በነፋስ ከሸሸ ዋኝቶ አይደርስበትም። (በሚወርድ ወንዝ ላይ ግን ገመዱ እንጨት ላይ ሊጠመድ ስለሚችል እግር ላይ አይታሰርም፤ በአንድ ስቦሽ የሚፈታ የወገብ ገመድ ይደረጋል።) የሕይወት አድን ጃኬትም እንዲሁ የግድ ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ፓድልቦርድን ከዋናና ከሰርፍ ክልል ውጪ እንደ ጀልባ እንዲቆጠር የወሰነው፣ በዚህም ጃኬት መያዝ ግዴታ የሆነው በምክንያት ነው። ነፋሱ ከበረታ መንበርከክ፣ ካልሆነም በደረት ተኝቶ በእጅ መቅዘፍ ያዋጣል። ቦርዱን ጥሎ መዋኘት ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ቦርዱ ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል።

ውድ አንባብያን፣ ባሕር በር የለንም ብላችሁ ጉዳዩን አትናቁት። ሐይቅ አለን፤ የከሰዓት ነፋስም አለን። ቦርድ የመግዛት ሐሳብ የሌለው ሰው እንኳ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ይዞ ቢሄድ ደስ ይለኛል። «ለሁሉም የሚሆን» የሚል ዕቃ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን ቀናት ቁጠሩ፤ ከዚያ የዕቃውን ቁጥሮች አንብቡ። ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ ቢነበብም ይደርሳል።

ቸር ይግጠመን!