ጠባሳ ነው ወይስ በሽታ? ከሄሊዮስ 44-2 ጋር ትውውቅ

መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ፣ ከዛጉ ቁልፎች፣ ከተፈታታ ሬዲዮና አፉ ከተሸረፈ ጀበና መሐል አንድ የካሜራ ሌንስ አገኘሁ። ጥቁር ነው፤ የቡና ሲኒ ቢያህልም እጅ ላይ ይከብዳል። ሻጩ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ሳነሣው አይተው፣ «ልጄ፣ እሱ የራሺያ ነው። እንደ ዛሬው ፕላስቲክ አይምሰልህ» አሉኝ። ወደ ብርሃን አዙሬ ባየው ፊቱ ተጭሯል፣ ውስጡ ብናኝ አለበት፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ ነገር ተጋድሟል።

«ጋሼ፣ ይሄማ ታሟል» አልኳቸው።

«አርጅቷል እንጂ አልታመመም» አሉ እየሳቁ።

ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ ልክ ነበርን። ያረጀ ሌንስ የሚገዛ ሰው መፍታት ያለበት ይህንኑ ክርክር ነው። ጠባሳ ባለበት ይኖራል፤ በሽታ ግን ካልታከመ ያድጋል። በሬ የሚገዛ ገበሬ ቀንበር የላጠው ትከሻ አይቶ አይመለስም፤ ሲያስል ከሰማ ግን ገመዱን ይለቃል። የሌንስ ገዢም እንዲህ ያለ ዓይን ያስፈልገዋል። ለመማሪያ ደግሞ ይህ እጄ የገባው ሄሊዮስ 44-2 ይመቻል፤ በብዛት የተሠራ ነው፣ ከዘመን አቻዎቹ ይረክሳል፣ የሚገኘውም አብዛኛውን ጊዜ ከነእንከኑ ነው።

የዘር ሐረጉ

ሄሊዮስ በስሙ ግሪክ፣ በዜግነቱ ሶቪየት፣ በዘሩ ጀርመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 የካርል ዛይስ ባለሙያ የነበረው ፓውል ሩዶልፍ፣ ከብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ (ከአፐርቸሩ) ፊትና ኋላ የተደረደሩት መስታወቶች እንደ መንታ የሚተያዩበትን «ፕላናር» የተባለ ሌንስ ነደፈ። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በዚያው ኩባንያ ቪሊ ሜርቴ ይህን አሳብ አሻሻለና ብዙ ብርሃን የሚያስገባውን «ቢዮታር» አወጣ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ሶቪየት ኅብረት ከዛይስ ማሽኑን፣ ንድፉንና ባለሙያውን በጦር ካሳ መልክ ወሰደች። ሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ ከተማ ያለው ፋብሪካም የ58 ሚሊሜትሩን ቢዮታር በራሱ መስታወት ሠራው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ «ሄሊዮስ 44» ተብሎ ወጣ፤ የፀሐይ አምላክ እንደ ማለት ነው።

44-2 የተባለው ተከታዩ ዜኒት በተባለው ካሜራ ፊት ተገጥሞ በሚሊዮን ተቸበቸበ። ከክራስኖጎርስክ ሌላ ሚንስክና ቫልዳይ ያሉ ፋብሪካዎችም ሠርተውታል። ምሩጽ ይፍጠር፣ ያ ማርሽ ቀያሪ፣ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ላጠለቀበት እ.ኤ.አ. የ1980ው የሞስኮ ኦሊምፒክ እንኳ የውድድሩ ምልክት የታተመበት ዜኒት ወጥቶ ነበር። በደርግ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ሄደዋል። ምን አለሽ ተራ የተገኘው ሌንስም ምናልባት ከእነሱ በአንዱ ሻንጣ ገብቶ ይሆናል።

የልደት ቀኑን ማወቅ ከባድ አይደለም። ከፊቱ ባለው ቀለበት ላይ ከተቀረጸው ተራ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች አብዛኛውን ጊዜ የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ፤ 76 ከሆነ እ.ኤ.አ. 1976 ማለት ነው። የእኔው በ78 ይጀምራል። ጽሑፉ በሩሲያ ፊደል ከሆነ ለአገር ውስጥ፣ በላቲን ከሆነ ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው። ብርሃን ሰንጥቆት የሚያልፍ ፕሪዝም የተሳለበት ደግሞ ከክራስኖጎርስክ የወጣው ነው።

ለምን ይፈለጋል?

በሄሊዮስ ውስጥ ስድስት መስታወቶች በአራት ክፍል ተደርድረዋል፤ አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው በሙጫ የተጣበቁ ናቸው። አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍተህ፣ ሰውን ቀረብ አድርገህ፣ ጀርባው ላይ ቅጠል የበዛበት ዛፍ አስቀምጠህ ብታነሣ ሰውየው ጠርቶ ይወጣል፤ በቅጠሎቹ መሐል የሚያልፈው ብርሃን ግን እንደ እስክስታ ክብ ዙሪያውን ይሽከረከራል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሌንሱ የሚያጠራው ሜዳ ዝርግ ሳይሆን ጎበጥ ያለ ነው። ሁለተኛ፣ በጠርዝ በኩል የሚገባውን ብርሃን የሌንሱ ቀፎ ራሱ ስለሚቆርጠው ክቡ የብርሃን ነጥብ ተጨምቆ የለውዝ ፍሬ ይመስላል። እነዚህ ለውዞች መሐሉን ከበው ሲደረደሩ ዓይን ሽክርክሪት ያያል።

ለመሐንዲስ ይህ ስሕተት ነው፤ ለፎቶ አንሺ ግን መልክ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው «ዱን፦ ክፍል ሁለት» ፊልም ሲቀረጽ የካሜራ ባለሙያው ግሬግ ፍሬዘር ሄሊዮስን ጨምሮ የሶቪየት ዘመን ሌንሶችን ለሲኒማ በሚመች አዲስ ቀፎ አስገብቶ ተጠቅሞባቸዋል። እንግዲህ ይህ ሌንስ ከተወለደበት ጉድለት ጋር ነው የሚወደደው። ጥያቄው በኋላ ስለተጨመሩበት ጉድለቶች ነው።

ጠባሳዎቹ

ከጭረት እንጀምር፤ ገዢን ቀድሞ የሚያስደነግጠው እሱ ነውና። ሄሊዮስ ሙሉ ሲከፈት ብርሃን የሚገባበት ክብ 29 ሚሊሜትር ወርድ አለው፤ ስፋቱ ሲሰላ ወደ 660 ካሬ ሚሊሜትር ይጠጋል። አሥር ሚሊሜትር የሚረዝም፣ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የሚሰፋ ጭረት አንድ ካሬ ሚሊሜትር ይሸፍናል፤ ከስድስት መቶ ስድሳው አንዱን ብቻ። አንዲት የፎቶ ነጥብ የምትሠራው በመስታወቱ ፊት ሁሉ በገባው ብርሃን ስለሆነ ይህ ጭረት በሥዕሉ ላይ መስመር አይሰምርም። አፐርቸሩ እስከ 16 ሲጠብ ግን ነገር ይለወጣል። ክቡ 3 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ጭረቱ መሐል ላይ ከዋለ ድርሻው ከመቶ ሦስት በላይ ይደርሳል። ስለዚህ የተጫረ ሌንስ ሲከፈት ይደብቃል፣ ሲጠብ ያጋልጣል። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ደግሞ ብርሃን ይበትንና ፎቶውን ያነጣዋል። የኋለኛው መስታወት ጭረት ከፊተኛው ይብሳል፤ ብርሃኑ እዚያ ሲደርስ ተሰብስቧልና።

ብናኝ ከቁም ነገር የሚጣፍ አይደለም። አርባና ሃምሳ ዓመት የኖረ ሌንስ ውስጥ ብናኝ ባይኖር ነው የሚገርመው። በመስታወቱ ውስጥ የታሰረች አረፋም እንዲሁ፤ መስታወቱ ሲቀልጥ ቀርታ አብራው የኖረች ናት፤ አታድግም፣ አትጠፋም።

ጠባሳ እንኳ ያልሆነ፣ ግን ብዙ ገዢ የሚያስመልስ ነገርም አለ። 44-2 ሁለት የአፐርቸር ቀለበት አለው። አንዱ ቀጭ ቀጭ እያለ ቁጥር ይመርጣል፤ ሌላው ያለ ድምፅ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ይህን ያላወቀ ሰው «ላልቷል፣ ተበላሽቷል» ብሎ ያስቀምጠዋል። የተሠራው እንዲያ ነው፤ ፎቶ አንሺው ሙሉ ከፍቶ በደማቅ ብርሃን ፎከስ ካደረገ በኋላ ዓይኑን ሳይነቅል ወደ መረጠው ቁጥር እንዲዘጋው።

በሽታዎቹ

ቀዳሚው ሻጋታ ነው። እንጀራ ላይ እንደሚያድገው ሁሉ ጨለማ፣ እርጥበትና የታፈነ አየር ይወዳል። ክረምቱን ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶበት የከረመ ሌንስ የሚያቅፈውም ያንን ነው። ሲጀምር ከጠርዝ ተነሥቶ እንደ ሸረሪት ድር ቀጫጭን ክር ይዘረጋል። በጊዜ ከተደረሰበት ተከፍቶ ይጸዳል፤ ከቆየ ግን የሚያወጣው አሲድ የመስታወቱን ቅብ፣ አልፎም መስታወቱን ራሱን ይበላል። ፀሐይ ላይ ማስጣት እድገቱን ሊገታ ይችላል፤ ክሩን ግን አያነሣም። ክረምት ካለፈ በኋላም ሌንስ የሚኖረው ክዳኑ በሚዘጋ ዕቃ፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ነው።

ሁለተኛው ጭጋግ ነው። በውስጥ የተቀባው ግራሶ በሙቀት ተንኖ መስታወት ላይ ይቀመጣል። ዓይን ላይ ቀላል ይመስላል፤ ፎቶው ላይ ግን ጥቁሩን አመድ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ተጠርጎ ይለቃል። ከዚህ ጋር የሚመጣው በአፐርቸሩ ቅጠሎች ላይ የተንጣለለ ዘይት ነው። ፎቶ ሲነሣ በስፕሪንግ በሚዘጉት በኋለኞቹ የሄሊዮስ ዓይነቶች ቅጠሎቹን ያዘገያል፣ ፎቶውም በብርሃን ይቃጠላል። 44-2 የሚዘጋው በጣት ስለሆነ ሥራውን አያስተጓጉለውም፤ ነገር ግን የዛሬ ዘይት የነገ ጭጋግ ነው።

ሦስተኛው የሙጫ መልቀቅ ነው። የተጣበቁት መስታወቶች ሲላቀቁ ከጠርዝ በኩል ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት ይታያል። ማዳን የሚቻል ቢሆንም ድካሙ ከሌንሱ ዋጋ ይበልጣል፤ ቀለበቱን ካያችሁ ወደሚቀጥለው ሻጭ ሂዱ።

አራተኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ የጀማሪ ጠጋኝ እጅ። የቪቴዎቹ ራስ ከተላጠ ሌንሱ ተከፍቷል ማለት ነው። ፎከስ የሚያንቀሳቅሰው ጥርስ ብዙ መግቢያ ስላለው ሲፈታ ምልክት ያልተደረገበት ሲመለስ ቦታውን ይስታል፤ ሌንሱም ሩቁን ማጥራት ያቅተዋል። ሽክርክሪቱን ለማባስ ብለው የፊተኛውን መስታወት ገልብጠው የሚገጥሙም አሉ፤ እንዲህ ያለው ከመሐል ውጪ ምንም አያጠራም። ፎከሱ ደርቆ የሚያስቸግር ግን አያስፈራ፤ የቆየ ግራሶ ነው፣ ባለሙያ ያድሰዋል።

መድኃኒቱ ፀሐይ የሆነ አንድ ለየት ያለ ሕመምም አለ፤ በሄሊዮስ ሳይሆን በጃፓኑ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊሜትር አንዳንድ ዓይነቶች ላይ ይታያል። መስታወቱ ውስጥ የተጨመረው ቶሪየም ጨረር ስለሚያወጣ በዓመታት ውስጥ መስታወቱን እንደ ሻይ ቢጫ ያደርገዋል። ለተከታታይ ቀናት ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ቢጫው ይለቃል።

ገበያ ላይ

ለምርመራው የስልክ መብራት ይበቃል። አፐርቸሩን ሙሉ ክፈቱ፤ ከኋላ በኩል ወደ ጎን አጋድላችሁ አብሩበት፣ ከፊት በኩል ጨለማ ነገር ላይ ዓይናችሁን ጥላችሁ ተመልከቱ። በቀጥታ ብርሃን የማይታይ ክርና ጭጋግ በጎን ብርሃን ይወጣል። አሽትቱት፤ የምድር ቤት ሽታ ካለው ተጠንቀቁ። ጆሮ አጠገብ ነቅንቁት። ፎከሱን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፤ የጠመዝማዛው ጥርስ እንዳልተበላም እዩ።

ከካሜራችሁ ጋር መስማማቱንም አስቡ። ሄሊዮስ ኤም 42 በሚባል ጥርስ ይገጠማል፤ ሌንሱ ከፊልሙ 45 ሚሊሜትር ተኩል ያህል እንዲርቅ ሆኖ ተሠርቷል። በካኖን ባለመስታወት (ዲኤስኤልአር) ካሜራዎች ርቀቱ 44 ስለሆነ ለማገናኛው ቀለበት ቦታ ይተርፋል፤ በኒኮን ግን 46 ሚሊሜትር ተኩል ስለሆነ የራሱ ሌንስ የሌለው የማገናኛ ቀለበት ሩቁን አያጠራም። ሚረርለስ የሚባሉት ዘመናዊዎቹ ሁሉንም ይቀበላሉ። እድል ካገኛችሁ እዚያው ገጥማችሁ ወደ ሩቅ ኮረብታ አነጣጥሩ፤ የእንጦጦ ጫፍ ከጠራ ሩቁ ደህና ነው።

እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ጭረቱ ጭረት ብቻ ነበር፤ በዚህ ጋሼ ረቱኝ። ጠርዙ ላይ የተጋደመው ነጭ ግን ስልኬ ሲበራበት እንደ ድር ተዘረጋ፤ በዚህ እኔ ረታሁ። ክሩን አሳየኋቸው፣ ዋጋውን ቀነሱልኝ፣ ገዛሁት። ፒያሳ ያለ አንድ ካሜራ ጠጋኝ ከፍቶ አጸዳልኝ። ክሩ ወጣ፤ የተኛበት ግን ቅቡ ላይ ፀጉር የመሰለ አሻራ ቀረ። ከእንግዲህ አያድግም። ፀሐይ ፊት ለፊት ካልመጣችም ፎቶ ላይ አይታይም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ሄድኩና ጋሼን ዕቃቸው መሐል እንደተቀመጡ አነሣኋቸው። ከኋላቸው የተንጠለጠለው የብርጭቆ መብራት ሁሉ ለውዝ ለውዝ ሆኖ ዙሪያቸውን ይዞራል። ካሜራው ላይ አሳየኋቸው። አንገታቸውን አስግገው ቆይተው ተመለከቱ።

«በሽታው ዳነ?» አሉኝ።

«ዳነ ጋሼ። ጠባሳ ሆኗል።»

«እንግዲያ የቀነስኩትን መልስልኛ» አሉና ሳቁ።