ግንቡ፣ ጅራፉና ስሙ፦ «ካስልቬንያ»ን «ካስልቬንያ» የሚያሰኘው ምንድን ነው?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬው ጥያቄዬ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ ሥራ ለአሥርት ዓመታት ሲቀጥል፣ ሠሪዎቹ ሲለወጡ፣ ባለታሪኮቹ ሲተካኩ፣ የአጨዋወት ስልቱ እንኳ ሌላ ሲሆን፣ ወዳጆቹ «ይህ አሁንም ያው ነው» ወይም «ይህስ ያው አይደለም» ብለው የሚፈርዱት በምን መለኪያ ነው? ለዚህ የመረጥሁት ምሳሌ ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1986 የጀመረውና ከጃፓን ውጭ «ካስልቬንያ» በሚል ስም የታወቀው ተከታታይ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ጉዳዩ የጨዋታ ወዳጆች ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደዚህ አዳራሽ ባላመጣሁት ነበር። ስሙ የኩባንያው ንብረት መሆኑ አያከራክርም፤ የንግድ ሕግ ይህን በግልጽ ይደነግጋል። የሥራው ማንነት ግን የማን ነው? ስሙ በአንድ ቤት፣ ማንነቱ በሌላ ቤት የሚያድርበት ጊዜ ይኖራልን? በዚህ ተከታታይ ታሪክ ውስጥ ይህ በተግባር ደርሷል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። በጃፓን ጨዋታው የወጣው «አኩማጆ ድራኩላ» ተብሎ ነው፤ «ድራኩላ፣ የአጋንንት ግንብ» እንደ ማለት ነው። በአማርኛ «ቤተ መንግሥት» ብዬ እንዳልተረጉመው ቃሉ የሚያሳስበው ፍርድና ግብር የሚካሄድበትን ስፍራ ነው፤ «ግንብ» ስል ግን እንደ ጎንደሩ ያለ፣ ባለቤቱ ካለፈ በኋላም ድንጋዩ ብቻውን የሚናገር ሕንፃ ይታየናል። ለዛሬው ጉዳይ የሚስማማውም ይኸው ሁለተኛው ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ዘመኑ 1691፤ ሲሞን ቤልሞንት የተባለ ሰው ከአባቶቹ የወረሰውን ጅራፍ ይዞ ወደ ድራኩላ ግንብ ይገባል፤ ስድስት ምዕራፎችን አልፎ ከላይኛው ማማ ላይ ከባለቤቱ ጋር ይገጥማል። ግንቡ ይፈርሳል። በቃ።

ወዳጆቹን «የዚህ ሥራ መለያው ምንድን ነው?» ብትሏቸው፣ ቸኩሎ የሚመጣው መልስ «ጎቲክነቱ ነዋ!» የሚል ነው፤ ደም መጣጩ፣ የሌሊት ወፉ፣ ጨረቃው፣ መቃብሩ። ይህ መልስ ለእኔ አጥጋቢ አይደለም። የመጀመሪያውን ጨዋታ ጠላቶች ተመልከቱ፦ የግብጽ አስከሬኖች፣ የፍራንከንስታይን ፍጡር፣ የግሪኳ ሜዱሳ፣ ማጭድ የያዘው ሞት፤ ከየፊልሙና ከየአፈ ታሪኩ የተለቃቀሙ ናቸው። ሠሪዎቹም ይህን አልደበቁም። በጨዋታው ፍጻሜ ላይ በሚወጣው የስም ዝርዝር በእውነተኛ ስማቸው ፋንታ የአስፈሪ ፊልሞችንና መጻሕፍትን ሰዎች ስም እያጣመሙ ጽፈዋል፤ የ1897ቱ «ድራኩላ» ደራሲ ብራም ስቶከር «ቭራም ስቶከር» ሆኗል፣ ተዋናዩ ቦሪስ ካርሎፍ ደግሞ «ቦሪስ ካርሎፊስ»። የተዋሰው ዕቃ ብዛት ብቻውን ማንነት ቢሆን፣ ደም መጣጭ ያለበት ጨዋታ ሁሉ ከዚህ ቤተሰብ በተቆጠረ ነበር።

ጎቲክ የሚለውን ቃል ከጠለቀ ምንጩ ከያዝነው ግን መልሱ ይሻሻላል። የዘውጉ መጀመሪያ ተደርጎ የሚቆጠረው የሆራስ ዋልፖል «የኦትራንቶ ግንብ» በ1764 ሲታተም ደም መጣጭ የለበትም። ያለበት ግንብ፣ የዘር ሐረግና የአባቶች በደል ነው፤ በመጨረሻም የግንቡ ቅጥር ይናዳል። የካስልቬንያ ጨዋታዎች አብዛኞቹ የሚያበቁት ጀግናው በርቀት ካለ ገደል ላይ ቆሞ ግንቡ ሲፈርስ እየተመለከተ ነው። ሠሪዎቹ ዋልፖልን አንብበው ይሁን አይሁን ለእኔ ወሳኝ አይደለም፤ ቅርጹ ግን በፊልሞች በኩል ተንከባልሎ ደርሷቸዋል። ቤልሞንቶች ጅራፉን የሚወርሱት እንደ ሀብት ሳይሆን እንደ ዕዳ ነው፤ ድራኩላ በተነሣ ቁጥር አንድ የዘሩ ልጅ ዕዳውን ሊከፍል ይወጣል።

ይህ ሁሉ ግን የታሪኩ ወገን ነው። ጨዋታ ደግሞ በእጅ የሚነበብ ነገር ነው፤ ስለዚህ ስለ እጅ ልናገር።

ሲሞን ሲዘል በአየር ላይ አቅጣጫውን መቀየር አይችልም። መሬቱን ከለቀቀ በኋላ የሚያርፍበት ቦታ ተወስኗል። ጅራፉም ቢሆን ቁልፉ እንደተጫነ ወዲያው አይመታም፤ ክንዱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከዚያ ይወረወራል። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይህችን በማዞሩና በጩኸቱ መካከል ያለች ቅጽበት ያውቃታል። ጠላት ሲነካው ሲሞን ወደ ኋላ ተወርውሮ ይወድቃል፤ ከኋላው ገደል ካለ ሕይወቱ እዚያው ያልፋል። ደረጃ ላይ ሳለ መዝለል አይችልም። በዘመኑ ከነበሩት ቅልጥፍጥፍ ጨዋታዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ድክመት ይመስላል። ወዳጆቹ ግን ይህን «ክብደት» ይሉታል፤ እኔም ቃሉን እቀበላለሁ። እያንዳንዱ እርምጃ ሊመለስ የማይችል ውሳኔ ስለሆነ ተጫዋቹ ከመንቀሳቀሱ በፊት እንዲያስብ ይገደዳል።

የዚህ ሥርዓት ጫፍ በአምስተኛው ምዕራፍ ከሞት ጋር ከመግጠም በፊት ያለው ኮሪደር ነው። መጥረቢያ የሚወረውሩ ባለ ጥሩር ዘቦች ከፊት ይቆማሉ፤ የሜዱሳ ራሶች ደግሞ እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ እያሉ ያለማቋረጥ ይበርራሉ። ዘቦቹ ከፍታ ያለው ንቃት ይጠይቃሉ፣ ራሶቹ ደግሞ ምት። እያንዳንዱ ለብቻው ቀላል ነው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ግን የተጫዋቹ ልማድ ሁሉ ይፈተናል። መፍትሔው በፍጥነት አይገኝም። መጫወቻው ለጀግናው ጩቤ፣ መጥረቢያ፣ መስቀል፣ ጠበልና ጊዜን የሚያቆም ሰዓት ያቀርብለታል፤ ከእነዚህ የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ኮሪደሩን የሚያልፈው ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚያስፈልገው ያሰበ ሰው ነው። (ጠበል በጠርሙስ እንደሚወረወር ስነግራቸው አያቴ ምን ይሉ እንደነበር አስባለሁ፤ ግን ይህ ሌላ ንግግር ነው።)

እንግዲህ ማንነቱ ይህ ክብደት ነው ብለን ብንደመድም፣ በ1991 የወጣው «ሱፐር ካስልቬንያ 4» ወዲያው ያናጋናል። በዚያ ሥራ ጅራፉ በስምንት አቅጣጫ ይመታል፤ ዝላዩም በአየር ላይ ይታረማል። አንዳንድ ወዳጆች ከተከታታዩ ምርጥ አድርገው ይይዙታል፤ ሌሎች ደግሞ ጅራፉ ሁሉን ከደረሰ መስቀሉና መጥረቢያው ለምን ያስፈልጋሉ ብለው ይሞግታሉ። የሁለተኛው ወገን ሙግት ትክክል ይመስለኛል። ይሁንና ጨዋታውን ከቤተሰቡ ያስወጣ ሰው አላጋጠመኝም። ክብደቱ ቀለለ፣ ማንነቱ ግን አልጠፋም፤ ስለዚህ ሌላ ምሰሶ መኖር አለበት።

ምሰሶው ግንቡ ራሱ ነው እላለሁ። ከጨዋታ ጨዋታ የግንቡ ካርታ ይለያያል፤ የክፍሎቹ ቅደም ተከተል ግን እንደ ሥርዓተ ጸሎት ይደጋገማል። የመግቢያው አዳራሽ ከነሻማዎቹ፣ የጸሎት ቤቱ፣ ከምድር በታች ያለው ዋሻ፣ ግዙፍ ጥርሶቹ የሚሽከረከሩበት የሰዓት ማማ፣ በመጨረሻም ወደ ዙፋኑ ክፍል የሚያወጣው ረጅም ደረጃ። ልምድ ያለው ተጫዋች አዲስ ጨዋታ ከፍቶ የሰዓቱን ማማ ሲደርስ ፍጻሜው እንደቀረበ ያውቃል፤ ማንም አልነገረውም። በ1997 የወጣው «ሲምፎኒ ኦቭ ዘ ናይት» ለዚህ ከታሪኩ ውስጥ ምክንያት ሰጠው፦ ግንቡ የትርምስ ፍጡር ነው፣ በተነሣ ቁጥር መልኩን ይለውጣል። ይህ ብልህ ሐሳብ ነው። በአንድ አረፍተ ነገር ያለፈው ልዩነት ሁሉ ተጠቃለለ፤ ለሚመጣውም ፈቃድ ተሰጠ።

ይኸው ሥራ ትልቁን ለውጥም ያመጣ ነው። ምዕራፎቹ ቀርተው ግንቡ አንድ ሰፊ ካርታ ሆነ፤ ተጫዋቹ እንደ ልቡ ይዞራል፣ ኃይል ያዳብራል፣ የተዘጋውን በር በኋላ ባገኘው ችሎታ ተመልሶ ይከፍታል። ተጫዋቹ ታሪኩ አለቀ ብሎ ሲያስብ፣ ምስጢሩን የደረሰበት ሰው ግንቡን በሙሉ ተገልብጦ ያገኘዋል፤ ጣሪያው ወለል፣ ወለሉ ጣሪያ ሆኖ። ኒንቴንዶ በ1986 ካወጣው «ሜትሮይድ» ጋር ተዳምሮ «ሜትሮይድቬንያ» የሚል የዘውግ ስም የተወለደው ከዚህ ነው። ከአንድ ሥራ የስም ቁራጭ የአንድ ዘውግ መጠሪያ መሆኑ በየዘመኑ የሚገጥም ዕጣ አይደለም።

የዚህ ጨዋታ ጀግና ቤልሞንት አይደለም፤ የድራኩላ ልጅ አሉካርድ ነው። ስሙ በላቲን ፊደል የአባቱ ስም ተገልብጦ የተጻፈ ሲሆን፣ ዘዴው በ1943 በወጣ የአሜሪካ ፊልም ውስጥም ነበር። በእኛ ፊደል ግን «ድራኩላ» ሲገለበጥ የሚሰጠው «ላኩራድ» ነው። የጃፓን ፊደልም እንደ እኛው ክፍለ ቃልን የሚጽፍ በመሆኑ ለሠሪዎቹ ራሳቸው ቅኔው በገዛ ፊደላቸው አይሠራም ነበር፤ ከላቲኑ ተቀብለው በድምፁ ጻፉት። አንድ የጃፓን ሥራ በአውሮፓ ፊደል ብቻ የሚፈታ ስም ለጀግናው መስጠቱ፣ ይህ ጎቲክነት ከሩቅ የታየ አውሮፓ መሆኑን ያስታውሰናል።

ስለ ሙዚቃው በቂ ጊዜ የለኝም፤ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በ1987ቱ ሁለተኛ ጨዋታ የተሰማው «ብላዲ ቲርስ» የተባለው ዜማ ከዚያ በኋላ በብዙዎቹ ጨዋታዎች ተመልሷል። በ1989 በጃፓን የወጣው ሦስተኛው ጨዋታ በካርትሪጁ ውስጥ ተጨማሪ ሦስት የድምፅ መስመሮችን የሚሰጥ ቺፕ ነበረው፤ ከጃፓን ውጭ የተሸጠው መሣሪያ ግን ይህን ድምፅ ስለማያስተላልፍ ሙዚቃው ተቀንሶ እንደገና ተሰናድቷል። ስለዚህ ሁለት ትውልድ ወዳጆች አንዱን ዜማ በሁለት ዓይነት ድምፅ ያስታውሱታል፤ «እውነተኛው» የቱ እንደሆነም ዛሬ ድረስ ይከራከራሉ። በ2017 የጀመረው የኔትፍሊክስ የአኒሜሽን ፊልምም ይህን ኃይል ያውቀዋል። እዚያ የሚዘለል ዝላይ የለም፣ እጃችን ሥራ ፈት ነው፤ ነገር ግን በሁለተኛው ምዕራፍ በግንቡ ውስጥ በሚደረገው ፍልሚያ መካከል ያ ዜማ ሲነሣ ወዳጆቹ የራሳቸው ቤት እንደደረሱ ቆጠሩት።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ክርክር ልመለስ። በ2010 «ሎርድስ ኦቭ ሻዶው» የተባለው ጨዋታ መርከሪስቲም በተባለ የስፔን ኩባንያ ተሠርቶ በኮናሚ ስም ወጣ። ታሪኩ ከሥሩ አዲስ ነበር፤ የቀድሞዎቹ ዜማዎች እምብዛም አይሰሙም፣ የሚዞሩበት ግንብም የለም፤ በፍጻሜውም ቤልሞንቱ ራሱ ድራኩላ ይሆናል። ይህ ሐሳብ በራሱ ደካማ አይደለም፤ እንዲያውም የውርስን ዕዳ እስከ ጫፉ ወስዶታል። ብዙ የቀድሞ ወዳጆች ግን «ጥሩ ጨዋታ ነው፣ ካስልቬንያ ግን አይደለም» አሉ። በሌላ በኩል ተከታታዩን ለዓመታት የመሩት ኮጂ ኢጋራሺ በ2014 ኮናሚን ለቅቀው በ2015 በኪክስታርተር ከሕዝብ ገንዘብ ጠየቁ፤ ከአምስት ሚሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ተሰበሰበላቸው። በ2019 የወጣው «ብላድስቴይንድ» ቤልሞንት የለበትም፣ ድራኩላ የለበትም፣ ስሙም የለበትም። ግንቡ ግን አለ፣ የ1997ቱን ሙዚቃ የደረሱት ሚቺሩ ያማኔም አሉ። ወዳጆቹ ገንዘባቸውን የከፈሉት ለስሙ አልነበረም፤ ስሙ ያለበትን ትተው ስሙ የሌለበትን «ይኸው!» ብለው ተቀበሉት።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን የትዝታ ገበያ ብቻ አድርገው ያዩታል። አልስማማም። ትዝታ ቢሆን ኖሮ የቀድሞ ምስሎች በተለጠፉበት ሁሉ በረኩ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ይመርጣሉ፣ ምክንያት ያቀርባሉ፣ ከወገናቸውም ጋር ይጣላሉ፤ ይህ የሐያሲ ሥራ ነው። መለኪያቸውም አንድ ብቻ አይደለም። ዝላዩ ቢቀልል ግንቡ ይክሰዋል፤ ቤተሰቡ ቢቀር ዜማው ይተካዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጎድል ግን ስሙ ብቻውን አያቆመውም።

አንድ የመጨረሻ ማስረጃ ልጨምር። በ2003 የወጣው «አርያ ኦቭ ሶሮው» ታሪኩን ወደ 2035 ወስዶ፣ ድራኩላ በ1999 ለመጨረሻ ጊዜ እንደተሸነፈ፣ ያሸነፈው ጁሊየስ ቤልሞንት እንደሆነና ግንቡም በፀሐይ ግርዶሽ ውስጥ እንደታሸገ ይተርካል። ያ ጦርነት ራሱ ግን በጨዋታ መልክ አልተሠራም። ሆኖም ከወዳጆቹ አንዱን ብትጠይቁት በየትኛው ክፍል እንደሚጀመር፣ የሰዓቱ ማማ የት እንደሚገኝ፣ በመጨረሻው ደረጃ ላይ የትኛው ዜማ እንደሚነሣ ይነግራችኋል፤ ጎረቤቱም ተነሥቶ ይቃወመዋል። የሚከራከሩት ስለሌለ ሥራ ነው፤ ስለ ምን እንደሚከራከሩ ግን ሁለቱም በሚገባ ያውቃሉ።

ሰዓቱ ስለደረሰ እዚህ ላይ አቆማለሁ። ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።