ከማማ ወደ መዝገብ

የወፍ ቆጠራ በአንድ ቦታ፣ በተወሰነ ሰዓት የታዩ ወፎችን በየዓይነታቸው ቆጥሮ መጻፍ ነው። ተራው ሰው በጓሮው የቆጠረውን ለተመራማሪዎች ሲያካፍል ሥራው የዜጎች ሳይንስ ይባላል። ልጆች በዚህ ሥራ ከአዋቂ አያንሱም። በጣና ዳርቻ ባለው የፎገራ ሜዳ እንዲያውም ልምዱ የእነሱ ነው፤ እህል ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን እያጮኸ ግሪሳ የሚያባርረው ልጅ ነው። የትኛው ወፍ እህል እንደሚበላ፣ የትኛው ትል እንደሚለቅም፣ መንጋው በስንት ሰዓት እንደሚወርድ አስተማሪ ሳያስፈልገው ያውቃል። የጎደለው መዝገብ ነው።

መዝገቡ በሌላው ዓለም ረጅም ዕድሜ አለው። በአሜሪካ በገና ሰሞን ቡድን ለይቶ ወፍ በመግደል መፎካከር የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፍ ተመራማሪ ከመግደል መቁጠር ይሻላል አለ፤ በመጀመሪያው ዓመት 27 ሰዎች ተከተሉት። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረው የጓሮ ቆጠራ ደግሞ ከመነሻው የታሰበው ለልጆች ነበር። ከቁም ነገር የማትቆጠረው ድንቢጥ በእንግሊዝ ጓሮዎች ከግማሽ በላይ መመናመኗ የታየው በዚሁ ቆጠራ ነው። አንድ ልጅ ቢሳሳት በሺህ የሚቆጠሩ መዝገቦች ስሕተቱን ይውጡታል፤ የልጆች ቆጠራ ለሳይንስ የሚበጀውም ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የውኃ ወፎችን በማስቆጠር የታወቀ ነው። በየዓመቱ የካቲት ውስጥ ለአራት ቀናት የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የጓሮ ወፍ ቆጠራም ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለሁሉም አገር ክፍት ነው። ቢያንስ 15 ደቂቃ የቆጠረ ሰው ኢበርድ በተባለው መተግበሪያ ውጤቱን ከፎገራ ሜዳ አካባቢ ከተሞች፣ ከወረታም ሆነ ከአዲስ ዘመን፣ መላክ ይችላል።

አቆጣጠሩ ቀላል ይምሰል እንጂ አንድ ወጥመድ አለው። ድንቢጥ ከአጥር ወደ ጣሪያ ትበራለች፣ ከጣሪያ ተመልሳ ትወርዳለች፤ ልጁ ሦስት ጊዜ ካያት ሦስት ብሎ ይጽፋል። የእንግሊዙ የጓሮ ቆጠራ ለዚህ መላ አለው፤ የሚጻፈው በአንድ ቅጽበት አብረው የታዩት ትልቁ ቁጥር ብቻ ነው። መጀመሪያ ሁለት ዋኖስ፣ ቆይቶ አምስት፣ በመጨረሻ ሦስት ቢታዩ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው አምስት ነው። መንጋ ሲሆን ሌላ ዘዴ አለ። መጀመሪያ አሥር ወፍ ተቆጥሮ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ይታያል፤ ከዚያ መንጋው የዚያ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይገመታል። ግሪሳን በዚህ መንገድ መገመት የለመደ ልጅ ሌላው አይከብደውም።

ስሙን ያላወቀው ወፍ ሲገጥመው ልጁ አይገምትም፤ መጠኑን፣ የምንቃሩን ቅርጽ፣ ቀለሙንና ድምፁን ይጽፋል። በአካባቢው የሚጠራበት ስም ካለ እሱም ይጻፋል፣ አንዱ ወፍ ቀበሌ በተሻገረ ቁጥር ስም ይለውጣልና። ወንጭፉ በዚያ ሰዓት እቤት ይቀራል፣ ጎጆ ያለበት ዛፍ ላይም አይወጣም።

በወረታ ግቢዎች ማለዳ ላይ ድንቢጥ፣ ርግብ፣ ዋኖስና ቁራ ይጠበቃሉ፤ ከላይ ጭልፊት ይዞራል። ከከተማው ወጣ ሲሉ የፎገራ ከብት የቀሰቀሰውን ፌንጣ እየለቀሙ የሚከተሉ ነጫጭ ወፎች አሉ። ጥንብ አንሳም ቢሆን ችላ አይባልም፤ በቄራ አካባቢ የሚታየው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ተመድቧል። ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ አዲስ ዘመን አጠገብ ያለው የጣራ ገዳም ደን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ዓይን በቅጠል ስለሚጋረድ እዚያ በጆሮ መቁጠር ይቀላል። አንድ ትምህርት ቤት በግቢው፣ በሩዝ ማሳውና በደኑ በተመሳሳይ ሰዓት ቢያስቆጥር ሦስቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ዛፍ የሌለበት ቦታ ምን እንዳጣ ልጆቹ ራሳቸው ያነቡታል።

ትልቁ ትዕይንት ግን ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ ብርድን ሸሽተው የሚመጡ፣ ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች በሺዎች ሆነው በጣና ዳርቻ ይሰፍራሉ፤ ቀን በታጨደው ማሳ ይለቅማሉ፣ ሌሊት ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ዘውድ መሰል ወርቃማ ላባ ያለው ዘመዳቸው ግን ነዋሪ ነው፣ ሲቆጠርም ለብቻው ይጻፋል። በሜዳው ያሉት፣ ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ረግረጋማ ቦታዎች እርሻ እየገፋቸው ጠበዋል፤ ወፎቹ ወዴት እንደዞሩ የሚነግረው በየዓመቱ በአንድ ቦታ የሚደረግ ቆጠራ ነው።

በዚህ መዝገብ ዜሮም ቁጥር ነው። ትናንት ክሬን ሞልቶበት የነበረ ማሳ ዛሬ ባዶ ከሆነ ልጁ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ «የለም» ይላል፤ የጉዞአቸው መነሻ ቀን የሚታወቀው ከዚያ ነው።