ተግሣጽ ቁጣ ብቻ አይደለም

ዛሬ «ተግሣጽ» ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የተኮሳተረ ፊት ነው። አጥፊው ይጠራል፣ ይቆማል፣ ተገሥጾ ይሄዳል። ቃሉ በግእዝ «ገሠጸ» ከሚለው ግስ ሲወጣ ግን ከዚህ ይሰፋ ነበር። መቅጣትን፣ መምከርን፣ ኮትኩቶ ማሳደግንም ይይዛል። በግሪኩ መጽሐፍ ቅዱስ የልጅ አስተዳደግ «ፓይዴያ» በተባለበት ቦታ የእኛ አባቶች የመረጡት ቃል ይኸው ተግሣጽ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አቈጣጠርም ከመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 25 ጀምሮ ያለው ክፍል «መጽሐፈ ተግሣጽ» ተብሎ ራሱን ችሎ ይቆጠራል። ለማስተማር የተጻፈን ድርሰት ፈረንጆች «ዲዳክቲክ» ይሉታል። ቃሉ ለእኛም ሩቅ ዘመድ ነው፤ የኛው የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ «ዲድስቅልያ» ስሙ የበቀለው ማስተማር ከሚለው ከዚያው የግሪክ ሥር ነው።

ይህን ሰፊ ትርጉም በአማርኛ ድርሰት ውስጥ ካቆዩልን መካከል ሁለት የሰሜን ሸዋ ልጆችን አስቀድማለሁ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመርሐቤቴ፣ ደን በተባለ ስፍራ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን ይዘው ቤተ መንግሥት ገቡ፤ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ብለው አባት ልጁን በሚመክርበት አንደበት ጻፉ። እኔ ግን ይበልጥ የምወደው በ1915 ዓ.ም. የወጣውን «ወዳጄ ልቤ»ን ነው። እዚያ መካሪው ሰው ላይ ጣቱን አይቀስርም፤ የሚነጋገረው ከገዛ ልቡ ጋር ነው። ራሱን የሚገሥጽ ሰው ሲናገር አንባቢው ሳያፍር ያዳምጣል።

ከበደ ሚካኤል ደግሞ በ1909 ዓ.ም. በመንዝ፣ ገርም ገብርኤል ተወለዱ። በፈረንሳይኛ ትምህርት ያደጉ ስለነበሩ የኤዞፕና የላ ፎንቴን ተረቶች እጃቸው ላይ ነበሩ፤ ተረትን በግጥም ያቀረቡበት መጽሐፋቸው «ታሪክና ምሳሌ»ም የዚህ ፍሬ ነው። በተረት ውስጥ ምክሩ ቀድሞ አይመጣም። መጀመሪያ እንስሳቱ ይከራከራሉ፣ ይታለላሉ፤ ልጁም በሞኙ እንስሳ ይስቃል። የሳቀበት ጠባይ የራሱም መሆኑን የሚያውቀው ቆይቶ ነው። ግጥሙ ቤት እየመታ ስለሚሄድ በቃል ይያዛል፤ በትምህርት ቤት ያጠኑት ሰዎች ሸምግለውም አልረሱትም።

የኋላ ዘመን ሐያስያን ይህን አጻጻፍ «ስብከት» እያሉ ይነቅፉታል። ከፊል እውነት አላቸው። በኅሩይ «ሀዲስ ዓለም» ውስጥ አውሮፓ ተምሮ የሚመለሰው ባለታሪክ ስሙ «አወቀ» ነው፤ ሐሳቡን ከስሙ ቀድመን ስለምናውቅ ሰውየው ራሱ ይደበዝዛል። «ምክርና ቡጢ ለሰጪው ይቀላል» የተባለውም በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጉድለቱ የአሠራር ነው፤ ለማስተማር መጻፍ በራሱ ነውር አይደለም። ልጅ ያላችሁ አንባቢዎች፣ «ታሪክና ምሳሌ»ን ፈልጋችሁ ማታ ማታ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ማብራሪያ ግን አትጨምሩበት።