የበርበሬ ሞዛይክ፦ ጥበቃው ከችግኝ መደቡ ይጀምር

ግንቦት 4 ቀን ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የዕፅዋት ጤና ዓለም አቀፍ ቀን ሆኖ ይከበራል። በደሴና በኮምቦልቻ ስለ ሰብል ተባይ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስታውሱት በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ወሎን የወረረውን የበረሃ አንበጣ ነው። ያኔ ርጭቱ ተገቢ ነበር፤ የሚታይ መንጋ በመድኃኒት ይሞታል። ለበርበሬ ሞዛይክ ግን ይኸው ልማድ አያዋጣም።

ቅጠሉን አዥጎርጉሮና አኮማትሮ ተክሉን የሚያቀጭጨው ሞዛይክ ከአንድ ቫይረስ ብቻ አይመጣም። ተመራማሪዎቹ ብራንትና ኬንተን እ.ኤ.አ. በ1971 ከጋና በርበሬ አንዱን ለይተው ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ1993 የአገራችንን የበርበሬ ቫይረሶች የዘረዘረ ጥናት ታተመ፤ ከእነዚህ አንዱ የኢትዮጵያን ስም ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዋና ዋና የበርበሬና የቲማቲም አምራች አካባቢዎችን የዳሰሰ ቅኝት ተከተለ፤ ኋላም የኢትዮጵያን ስም የያዘው ቫይረስ በስምጥ ሸለቆ እየበረታ መምጣቱ ተዘገበ።

ዋናው ክርክር ርጭቱ ላይ ነው። ሞዛይኩን ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው ተባይ ክሽክሽ ነው፤ የበርበሬን ቫይረስ ለመያዝም ሆነ ለማስተላለፍ ቅጠሉን ለመቅመስ የሚወጋባት ጥቂት ሰከንድ ትበቃዋለች። መድኃኒቱ ሳይገድለው ሥራውን ጨርሷል፤ አንዳንዴም ተረብሾ ከተክል ወደ ተክል እየዘለለ ሥርጭቱን ያፋጥናል። ከዚህ በላይ ብዙውን ጊዜ ቫይረሱን የሚያመጡት በርበሬው ላይ የማይራቡ፣ ከሌላ ማሳ የሚያልፉ ክንፋሞች ናቸው። «ክሽክሹ ሲሞት በዓይናችን እናያለን» የሚል ገበሬ አልተሳሳተም፤ የሞተው ግን ቀድሞ የበከለው ነው። ርጭት በገብስ ቢጫ አጫጭ ወይም በባቄላ ቢጫ ቫይረስ ላይ ይረዳል፤ እነዚያን ለማስተላለፍ ክሽክሹ ረጅም ሰዓት መጥባት አለበትና። የአንዱን ሰብል ትምህርት በሌላው ላይ መጫን ገንዘብ ያባክናል፤ መድኃኒቱን የለመደ ክሽክሽም ያፈራል።

«ታዲያ የሚቋቋም ዘር ይምጣ» የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው። በበርበሬ ውስጥ ያለው የመቋቋሚያ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2002 ተለይቷል። ነገር ግን ቫይረሱ በትንሽ ለውጥ ስለሚያልፈው ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠበቀው መደቡ ነው፤ ገና በችግኝነቱ የተያዘ ተክል ዘግይቶ ከተያዘው እጅግ የከፋ ጉዳት ያገኘዋል። ችግኙን በጥቅጥቅ መረብ መሸፈን፣ በማሳው ዙሪያ በቆሎ ቀድሞ መዝራት፣ ካለፈው ወቅት የቀረውን አሮጌ በርበሬና በዳር የበቀለውን አውጥ መንቀል፣ የታመመውን ችግኝ ሳይተክሉ ማስወገድ ነው መፍትሔው። መረቡ ውድ ነው ይባላል፤ የሚሸፍነው ግን ማሳውን ሳይሆን ጥቂት ሜትር መደብ ነው። በቦርከና ወንዝ ዳር በመስኖ የሚያመርት ሁሉ በርበሬና ቲማቲምን ዓመቱን ሙሉ ሲያፈራርቅ ለቫይረሱ ዕረፍት የሌለው ማደሪያ ያዘጋጅለታል፤ ይህም በጎረቤት ማሳዎች ስምምነት ብቻ የሚቆረጥ ሰንሰለት ነው። የግብርና ባለሙያዎች ምክር ከመርጫ ጠርሙሱ ይልቅ ከመደቡና ከዚህ ስምምነት ቢጀምር፣ ገበሬው ለመድኃኒት የሚያወጣው ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ይቀራል፤ ምርቱም የተሻለ ዕድል ያገኛል።