እህሉ እህል በረንዳ ከመድረሱ በፊት ዕቅዱ ይቅደም

በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ የሚገኘው እህል በረንዳ ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የሚመጣ እህል የሚራገፍበት የታወቀ ገበያ ነው። ገዢው አስቀድሞ ሳይታወቅ ጤፍ ጭኖ የደረሰ ማኅበር ጭነቱን ይዞ መመለስ ስለሚከብደው በዕለቱ የተጠራለትን ዋጋ ለመቀበል ይገደዳል። መኪናው ቆሞ ከዋለ ደግሞ የኪራዩ ሒሳብ ከገበሬው ድካም ላይ ይቀነሳል። የዚህ ጉዳት መነሻ ብዙውን ጊዜ አውድማው ላይ ነው፤ ሥራው በቅደም ተከተል ሳይታቀድ ቀርቷልና። አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ያሉት ለዚህ ነው።

መጥኖ ለመደቆስ በአሁኑ ጊዜ ኮምፒውተር ያግዛል። ኤክሴልና በነፃ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ካልክ የሒሳብ ሠንጠረዥ ይሠራሉ። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክትና በነፃ የሚገኘው ፕሮጀክትሊብር ደግሞ የሥራን ቅደም ተከተል በቀን ያሰላሉ። የአሠራሩ መሠረት ግን ከፕሮግራሞቹ ይቀድማል። ሶቪየታዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 ያለን አቅም አብቃቅቶ ከፍተኛ ውጤት የማግኘትን ስሌት አቅርቧል፤ በ1975ም በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ሥራን በቀን የማስላቱ ዘዴም በአሜሪካ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተስፋፍቷል።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ማኅበር ውቂያና ማበጠር 6 ቀን፣ ጆንያ ማሰባሰብ 4 ቀን፣ መዝኖ መሙላትና መመዝገብ 3 ቀን፣ መኪና መፈለግ 2 ቀን፣ ጭኖ መርካቶ ማድረስ 1 ቀን ይፈጁበታል እንበል። ሁሉም ተራ በተራ ከተሠሩ 16 ቀን ይሆናል። ውቂያው፣ ጆንያውና መኪናው ጎን ለጎን ከተያዙ ግን 6 እና 3 እና 1 ተደምሮ በ10 ቀን ያልቃል። ውቂያው አንድ ቀን ቢዘገይ ሁሉም አንድ ቀን ይዘገያል። ለጆንያው የ2 ቀን፣ ለመኪናው የ7 ቀን ፋታ አለ። ስለዚህ መሪው ተጨማሪ ጉልበት የሚልከው ወደ ውቂያው ነው። ውቂያው ከዘገየም በዚያኑ ምሽት ስልክ ደውሎ የመኪናውን ቀን ያሸጋግራል።

የመኪና ቁጠባውም እንዲሁ ነው። በአንድ መንገድ ዳር ያሉ ሦስት ማኅበራት 20፣ 35 እና 45 ኩንታል አላቸው፤ መኪናው 50 ኩንታል ይጭናል እንበል። ለየብቻ ቢጭኑ ሦስት ጉዞ ይከፍላሉ። ከ20ው 5 ኩንታል ከ45ቱ ጋር፣ 15ቱ ከ35ቱ ጋር ቢጫን ሁለት ጉዞ ይበቃል። ማኅበራቱና የጤፉ ዓይነት ሲበዙ ይህን በእጅ ማስላት ስለሚያዳግት በኤክሴልና በካልክ ውስጥ ያለው ሶልቨር የተባለው መሣሪያ ይሠራዋል። ሆኖም ማኛና ሠርገኛ እንዳይደባለቁ ካልተነገረው አያውቅም። በየጆንያው ላይ የባለቤቱ ማኅበር ምልክት መደረጉም የግድ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚህ ፕሮግራሞች በተለመደው አሠራራቸው ቀን የሚቆጥሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ኅዳር 1 ቀን አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 10 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን 11 ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ይጻፉ።

ኮምፒውተር የሌለው ማኅበር በዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት ማሠራት ይችላል፤ ካልሆነም አምስቱን ሥራዎች በደብተር አስምሮ መያዝ ይበቃዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የቁጥሩ እውነተኛነት ነው። በግምት 50 የተባለው ኩንታል በሚዛን 43 ከሆነ የተከራየው መኪና ጎድሎ ይሄዳል፣ ዕቅዱም ይፈርሳል። እንግዲህ የማኅበራት መሪዎች ውቂያ ከመጀመሩ በፊት አባላትን ሰብስበው እያንዳንዱ ሥራ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ከየትኛው ሥራ በኋላ እንደሚመጣና ኃላፊው ማን እንደሆነ ይመዝግቡ። እህል በረንዳ ስልክ የሚደወለውም መኪናው ከመነሣቱ በፊት ይሁን።